ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፒስተን

ማን ማን እንደነበርን አስቀድሜ ልናገር።

ጋሽ ተካ ነበር፤ የጋራዡ ባለቤት፣ ሱሉልታ ውስጥ ሞተር አውርዶ በመግጠም ስሙ የታወቀ። ብሩክ ነበር፤ ከሱሉልታ አዲስ አበባ የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር፣ ቀልድ የማያልቅበት። ሲሳይ ነበር፤ ጋራዡ በር ላይ ጎማ የሚጠግን፣ ብሩክ ሲናገር የሚስቅ። ኦቦ ዲንቃ ነበሩ፤ ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ ገበሬ፣ በትንሽ አሮጌ ፒክአፕ የራሳቸውንና የጎረቤቶቻቸውን ወተት እንጦጦን አሻግረው የሚያደርሱ። ጫልቱ ነበረች፤ ከእነዚያ ጎረቤቶች አንዷ። እኔም ነበርኩ፤ ጋሽ ተካ ጋ የምሠራ መካኒክ። ሙያውን የተማርኩት በእጄና ስልኬ ላይ ከማነበው ነው። ሌላ ሰው አልነበረም።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት የፋሲካ ሰሞን ነው። እንዳልረሳው ያደረገኝ ፒስተኑ ነው፤ ጋራዡ ግድግዳ ላይ በሽቦ ተንጠልጥሏል። ቤንዚን ላይ ስለሚጨመረው፣ ሹፌሮች ባጭሩ ኦክቴን ስለሚሉት ጠርሙስ ክርክር በተነሳ ቁጥር አንድ ሰው ወደዚያ ፒስተን ይጠቁማል። ክርክሩም እዚያው ያበቃል። የሚያበቃው ግን በውሸት ነው።

ጸሎተ ሐሙስ ጠዋት ኦቦ ዲንቃ ፒክአፗን ይዘው መጡ። ሕማማት ስለሆነ የእጅ ሰላምታ የለም፤ ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ቆሙ። መኪናዋ ዳገት ላይ ጭነት ሲከብዳት ጠጠር እንደተጨመረበት ቆርቆሮ ትንኳኳለች። ጋሽ ተካ ኮፈኑን ከፍቶ አስነስቶ አዳመጣት።

"እሳቱ ቀድሟል" አለ። ካንዴላው ከጊዜው ቀድሞ እሳት ይሰጣል ማለቱ ነው። "ሰበታ ወስደው ያስነኩት ሰው አበላሽቶታል። ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ግን የመሥሪያ ጉድጓዱ ላይ የብሩክ መኪና አለ። ከበዓል በኋላ ይምጡ።"

"ከበዓል በኋላማ ምን ያደርግልኛል? ወተቱ የሚፈለገው ቅዳሜ ነው" አሉ ኦቦ ዲንቃ።

ያሉት እውነት ነበር። ጾሙን ሙሉ ወተት ገዥው ጥቂት ነው። ለፋሲካ ግን ኬክ ቤቱ ሁሉ ይሻማበታል። ኦቦ ዲንቃ አዲስ አበባ ካለ አንድ ኬክ ቤት ጋር ተነጋግረው ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ካደረሱ ዓመቱን ሙሉ የሰፈሩን ወተት ይረከባቸዋል። ካላደረሱ ሌላ አቅራቢ በር ላይ ቆሟል። ጎረቤቶቻቸው ወተታቸውን ለሌላ ነጋዴ ያልሰጡት የእሳቸውን ቃል ይዘው ነው።

ብሩክ ከሚኒባሱ በር ላይ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። "ኦቦ፣ አይጨነቁ። አንድ ጠርሙስ ኦክቴን ያድርጉባት። እንጦጦን እንደ ሯጮቹ ትወጣዋለች።"

"ሽንትህን ብትጨምርባትም ያው ነው" አለ ጋሽ ተካ።

"ተጠቅሜ ነው የማወራህ። ጎጃም ደርሼ ስመለስ ማርሽ አልቀነስኩም።"

"ስለ ቁልቁለቱ ነዋ የምታወራው።"

"እኔማ ጎማ ውስጥ ነው የምጨምረው፤ አየሩ ይጠነክራል" አለ ሲሳይ።

"ተወው እሱን" አለ ብሩክ ወደ ጋሽ ተካ እያየ። "ጠርሙሱ ሥራ እንዳያሳጣው ፈርቶ ነው። ሁሉ ሰው ኦክቴን ቢገዛ ማን ጋራዥ ይመጣል?"

ይህ ክርክር እኛ ጋ አዲስ አይደለም። ካነበብኩትና ከሞከርኩት እንደተረዳሁት ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት አላቸው። ኦክቴን ጉልበት አይጨምርም። የሚያደርገው፣ ቤንዚኑ ካንዴላው ሳያዘው በራሱ እንዳይፈነዳ መከልከል ነው። ስለዚህ ለምትንኳኳ መኪና ጥቂት ሊረዳት ይችላል። ለማትንኳኳው ግን በጠርሙስ የተሸጠ ተስፋ ነው። በዚያ ላይ ሱሉልታ ከፍታ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር እዚህ የሚንኳኳው ከቆላው ያነሰ ነው። አንዳንዱ ጠርሙስ ደግሞ ካንዴላውን ዝገት የመሰለ ቀይ ነገር ያለብሰዋል።

"ታዲያ ቅዳሜ ታወጣኛለች?" አሉ ኦቦ ዲንቃ። ማንን እንደጠየቁ አልታወቀም።

"እኔ ጋ ጠርሙስ አለ" አለ ብሩክ። "ቅዳሜ ሲያልፉ እዚህ ይቁሙ።" ከዚያ ጋሽ ተካን በዓይኑ ጠቀሰው። ጋሽ ተካ መፍቻውን እየጠረገ ፈገግ አለ። ያኔ መስማማታቸው መሰለኝ፤ የምን ስምምነት እንደሆነ ግን አላወቅኩም።

ቅዳሜ ሹር ጠዋት አንድ የጭነት መኪና ሥር ተኝቼ እሠራ ነበር። ስለዚህ ያየሁት ጫማ ብቻ ነው፤ የኦቦ ዲንቃን ቦቲ፣ የጫልቱን ነጠላ ጫማ፣ የብሩክን ነጭ ስኒከር፣ የሲሳይን ሸራ ጫማ። የሰማሁትን ግን አንድም ቃል አልጣልኩም።

"ሁሉንም ያፍስሱት ኦቦ። ግማሽ መድኃኒት የሚያድነው ግማሽ ነው" አለ ብሩክ።

"ክዳኑ ተከፍቷልሳ?" አለች ጫልቱ።

"ለራሴ መኪና ቀምሼላት ነው።"

ሲሳይ ሳል አስመስሎ ሳቀ።

"አሁን ይስሙኝ" አለ ብሩክ። "ዳገቱ ላይ መንኳኳቷ ይብሳል። እንዳይደነግጡ። መድኃኒቱ ከበሽታው ጋር እየታገለ ነው። እግርዎን ከነዳጁ ላይ እንዳያነሱ፤ ማርሽም እንዳይቀንሱ። ከቀነሱ ይፈዛል።"

"ይብሳል?"

"ጸበል ሲነካው ሰውም ይጮህ የለ እንዴ፣ ኦቦ?"

የኦቦ ዲንቃ ባለቤት ታመው እንጦጦ ጸበል ገብተው፣ ጮኸው ጮኸው እንደተሻላቸው ሱሉልታ ውስጥ የማያውቅ የለም። ብሩክም ያውቃል። ራሱ ነበር በሚኒባሱ ያመላለሳቸው።

"እሱስ እውነትህን ነው" አሉ ኦቦ ዲንቃ ቀስ ብለው። ፒክአፗ ተነስታ ሄደች። ከትንሽ ቆይታ በኋላ ነጩ ስኒከርና የሲሳይ ሸራ ጫማ ሚኒባሱ ውስጥ ገቡ። ተሳፋሪ ሳይጭኑ ተከትለው ወጡ።

አፍንጫህስ የት ነበር የሚለኝ ይኖራል። ጋራዡ ሁልጊዜ ላምባ ላምባ ይሸታል። የመኪና ዕቃ የምናጥበው በላምባ ነው።

ዳገቱ ላይ የሆነውን የነገረችኝ ጫልቱ ናት። ኦቦ ዲንቃ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ስለነበር የቅዳሜ ሹርን ቄጤማ ግንባራቸው ላይ አስረዋል። ከኋላ ወተቱ በየዕቃው ተደርድሯል። ዳገቱ ሲጀምር መኪናዋ መንኳኳት ጀመረች። ከዚያ ባሰባት። በሩ፣ መስታወቱ፣ የጫልቱ ጉልበት ሳይቀር ተንቀጠቀጠ።

"ኦቦ፣ ኧረ ያቁሙ" አለች።

"ዝም በይ ልጄ። ይዞታል።"

እግራቸውን አላነሱም። መሪውን በአንድ እጃቸው ይዘው በሌላው ዳሽቦርዱን መታ መታ እያደረጉ "ልቀቅ፣ ልቀቅ" ይሉ ነበር አለችኝ። መጀመሪያ ሳቋ መጥቶ ነበር። ኋላ ላይ ግን እሷም አብራቸው "ልቀቅ" ማለት ጀመረች። ከላይኛው መታጠፊያ ሳይደርሱ መጥረቢያ ድንጋይ ላይ ያረፈ የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ሰማያዊ ጭስ ከሥር ወጣ። መኪናዋ ቆመች።

ሚኒባሱ ወዲያው ደረሰ። ሲሳይ ፊቱን በጃኬቱ አንገት ሸፍኖ ነበር። ብሩክ ወርዶ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ራሱን ነቀነቀ። "አበዙበት መሰለኝ፣ ኦቦ" አለ።

ጫልቱ ወተቱን በሚኒባሱ አዲስ አበባ እንዲያደርስላቸው ለመነችው። "ወንበሬ ወተት ከሸተተ በበዓል ማን ይሳፈርልኛል?" አላት። ገመድ ግን ነበረው፤ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። ፒክአፗን አስሮ ወደ ሱሉልታ ቁልቁል መለሳት። ጋራዡ በር ላይ ሲደርሱ ሳምንቱን ሙሉ ማንንም ያልሳሙት ኦቦ ዲንቃ የብሩክን ትከሻ ሳሙ። "ዋቃዮ ሲፍ ሃ ኬኑ" አሉት፤ አምላክ ይስጥህ ማለት ነው። ይህን በዓይኔ አየሁ፤ ያኔ ከመኪናው ሥር ወጥቼ ነበር።

ወተቱ አልተደፋም። ጾም ስለነበር የሚጠጣውም የለም፤ ወደየቤቱ ተመልሶ እርጎ ሆነ። የጠፋው ኬክ ቤቱ ነው። በር ላይ የቆመው ሌላው አቅራቢ ገባ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጎረቤቶቹም ወተታቸውን ለእሱ ሰጡ። መጨረሻ የሄደችው ጫልቱ ናት።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሞተሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። አንዱ ፒስተን ከጠርዙ አጠገብ ቀልጦ ተበስቷል። ቀዳዳው የአውራ ጣቴን ጥፍር ያህላል። የቀሩት ደህና ናቸው። ካንዴላው ላይ ኦክቴን የሚተወው ቀይ ነገር ምልክቱም የለም። ከሰልባትዮው፣ ከነዳጅ መያዣው ማለት ነው፣ የቀረውን ቀድቼ ካርቶን ላይ አንጠበጠብኩት፤ ከጎኑ ከማደያ የመጣ ንጹሕ ቤንዚን አንጠበጠብኩ። ንጹሑ ቤንዚን ወዲያው ተኖ ጠፋ። የፒክአፗ ግን ቅባት ሆኖ ቀረ። በማግስቱም ነበር። ሽታው ላምባ ነው። ላምባ ደግሞ መንኳኳትን ያባብሳል እንጂ አይከለክልም።

ካርቶኑን ለጋሽ ተካ አሳየሁት። አንስቶ እንኳ አላሸተተውም።

"ዳገቱ ላይ ታቆማለች፣ ሽማግሌውም ኦክቴን ከንቱ መሆኑን ያያሉ፣ እኛም እንስቃለን ተባብለን ነበር። ፒስተን ይበሳል ያለ ሰው የለም" አለኝ።

"እግርዎን አያንሱ ብሏቸዋል እኮ።"

"ብሩክ ሲጀምር ማቆም አያውቅም" አለ። ከዚያ ፒስተኑን ከእጄ ተቀብሎ ጠርጎ፣ በሽቦ አስሮ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ለምን እንደሚሰቅለው ጠየቅኩት። "ለትምህርት" አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኦክቴን ልግዛ ወይ ብሎ ለሚጠይቀው ሁሉ መልሱ ያ ፒስተን ነው።

ብሩክን ስጠይቀው አልካደም። "ቀልድ ነው ወንድሜ። ደግሞ ጠርሙሱን የሞላው ሲሳይ ነው።" ሲሳይ ደግሞ፣ "እኔ የላምባውን ጀሪካን ነው ያቀበልኩት" አለ።

እሁድ ቀን ኦቦ ዲንቃ ቤት ሄድኩ። ፒክአፗ ግቢ ውስጥ ቆማለች፤ ዶሮዎች ወጥተው ሰፍረውባታል። ካርቶኑን አውጥቼ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጠርሙሱን፣ ላምባውን፣ ቀዳዳውን። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"አንተ ልጅ" አሉኝ፣ "ብሩክ በበዓል ዋዜማ ሥራውን ትቶ በገመድ የጎተተኝ ሰው ነው። ባለቤቴን ጸበል ያመላለሰ ሰው ነው። አንተ ያን ቀን የት ነበርክ?"

"መኪና ሥር።"

"እንግዲያው ምን አየህ? ጠርሙሱን ሙሉ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ያበዛሁት እኔ ነኝ። ሰው አትማ።"

ካርቶኑን እዚያው ትቼው መጣሁ። ለመስቀል ኦቦ ዲንቃ በቅጠል የተጠቀለለ ቂቤ ይዘው ጋራዥ መጡ። ለብሩክ ነበር።

አሁን በገበያ ቀን በእግራቸው ይመጡና ጋራዡ በር ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ያርፋሉ። አዲስ ሹፌር መጥቶ የኦክቴን ነገር ከተነሳ ብሩክ፣ "ኦቦ፣ እስኪ እርስዎ ይመስክሩ" ይላቸዋል። እሳቸውም ይነሳሉ። መኪናዋ እንዴት እንደተንኳኳች በአፋቸው ያሰማሉ፤ መሪ እንደያዘ ሰው እጃቸውን ዘርግተው "ልቀቅ፣ ልቀቅ" ይላሉ፤ ፒስተኑን ያሳያሉ። "አብዝቼ ነው። እናንተ ልጆች እንዳታደርጉት" ብለው ይጨርሳሉ። ሲሳይ ጎማው ላይ አጎንብሶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሹፌሩ አመስግኖ ይሄዳል።

እኔ አሁንም እዚያው እሠራለሁ። ጠዋት በሩን ስከፍት መጀመሪያ የማየው ፒስተኑን ነው። ደሜን የሚያፈላው ሰውየው ራሳቸው ምስክር ሆነው መቆማቸው ነው። ኦክቴን ጥሩ ይሁን መጥፎ፣ ያን ሞተር አልበሳም። ኦቦ ዲንቃም አላበዙም።

እዚያ የነበራችሁ የጎደለውን ሙሉበት፤ የተሳሳትኩትንም አርሙት። ጫልቱ፣ ዳገቱ ላይ እግራቸውን ለአፍታ እንኳ አንስተው እንደነበረ ንገሪኝ። ሲሳይ፣ ጀሪካኑን ያቀበልከው ለማን እንደሆነ ጻፍ። ጋሽ ተካ፣ ሐሙስ ዕለት ብሩክ ሲጠቅስህ ምን ያህሉን ታውቅ እንደነበር ጨምርበት። ብሩክ፣ አንተ ደግሞ ቂቤውን በልተኸው እንደሆነ ጻፍ።