በሕይወት ያለች ሴት የሕይወት ታሪክ

በእኛ በላስ ቬጋስ አበሾች ዘንድ ሰው ሲሞት መጀመሪያ ለእድሩ ሰብሳቢ፣ ቀጥሎ ለእኔ ይደወላል። ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የምጽፈው እኔ ነኝ። ማንም አልሾመኝም። አገር ቤት ሳለሁ አስተማሪ ነበርኩ፤ እዚህ ደግሞ ዳውንታውን ካዚኖ ውስጥ ለቁማርተኞች ካርታ አከፋፍል ነበር። ድሮ የአንድ ጓደኛዬ አባት አርፈው ግማሽ ገጽ ጻፍኩላቸው፣ ሰው ወደደልኝ፣ በዚያው ቀረሁ።

ሥራው ከብዶኝ አያውቅም ነበር። በዓመት አንድ ሁለት ሰው ቢሞት ነው። «ደግ፣ ሩህሩህ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ» እላለሁ፤ የትውልድ ቦታውንና የልጆቹን ነገር ቀያይሬ አስረክባለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ በእኔ ብዕር ያለፈ ሟች ሁሉ አንድ ሰው ነበር። አንድም ቤተሰብ ቅሬታ አሰምቶ ስለማያውቅ ጎበዝ ጸሐፊ መስዬ ኖርኩ።

ከዚያ እንደ ፈረንጆቹ 2020 ከነኮሮናው መጣ። ካዚኖው ተዘጋ፤ ሲከፈትም እኔን የጠራኝ የለም። የባለቤቴ ሥራ ግን አንድም ቀን አልቆመም። ሆስፒታል ውስጥ በሌሊት ሺፍት የሕሙማን ክፍል ታጸዳለች። እኔ ሜሪላንድ ፓርክዌይ አጠገብ ባለው አፓርታማችን ተቀምጬ ስልክ እሰማለሁ። ስልኩም አላሳፈረኝም። በአንድ ሳምንት ሁለት ሟች፣ ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ሌላ። ቀብሩ በስልክ ስክሪን ይታያል፣ የጻፍኩትን አንድ ሰው በማስክ ውስጥ ያነባል፣ አልቃሽም አቃፊም የለም። ያው «ደግ፣ ሩህሩህ» እያልኩ መላኬን ቀጠልኩ።

መቼ እንደጀመረኝ አላውቅም። አንድ ጠዋት ባለቤቴ ከሥራ ገብታ ጫማዋን በረንዳ ላይ አውልቃ ወደ ሻወር ስታልፍ፣ አእምሮዬ በራሱ ጊዜ «በሥራ ባልደረቦቿ ዘንድ እጅግ የተወደደች ነበረች» አለ። ደነገጥኩ። አማተብኩ። በማግስቱ ገና የበሩ ቁልፍ ሲዞር «ከባለቤቷ ጋር በሰላምና በፍቅር ስትኖር» የሚለው መጣ። እየዋለ እያደረ ዓይኔ ያረፈበትን ሰው ሁሉ እየገነዝኩ መጣሁ፤ ፖስታ አመላላሹን፣ ፎቅ ላይ የምትኖረውን ሴትዮ፣ ከሁሉም በላይ ግን እሷን። በሕይወት ባለ ሰው ላይ እንዲህ ማሰብ ሟርት ነው። አሟረትኩባት ብዬ፣ ሻወር ውስጥ ሆና ታስል ይሆን እያልኩ በር ላይ ቆሜ አዳምጣለሁ።

ምክንያቱን ሳልነግራት ሥራውን እንድትተው ለመንኳት።

«ሥራ ይቅርብሽ፣ በእግዚአብሔር።»

«አንተ ቤት ተቀምጠህ ነው እንዴ እንዲህ የከሳኸው?» አለችኝ። «እኔ እዚያ ገብቼ ወጥቼ ደህና ነኝ። ይልቅ ሐኪም ቼክ ያድርግህ።»

ተጣላን። ጠዋት ስትመጣ የተኛሁ እየመሰልኩ እንዳላያት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞር ጀመር። ከሃያ ዓመት ትዳር በኋላ ሚስቱን ለማየት የሚፈራ ወንድ ሆንኩ።

መኸር ላይ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ባላቸው ሞተውባቸው ደወሉልኝ። እንደልማዴ ጽፌ በስልክ አነበብኩላቸው። ጨርሼ ምርቃት እጠብቅ ጀመር።

«ይኼ ማነው?» አሉኝ።

«ባለቤትዎ ናቸው እንጂ፣ እማማ።»

«የኔ ባል ሩህሩህ አልነበረም። ግልፍተኛ ነበር! ከቴሌቪዥን ጋር ይጣላ ነበር። ይኼን ሰውዬ አላውቀውም፤ እኔ ደግሞ ለማላውቀው ሰው አላለቅስም።»

አፈርኩ፤ ተናደድኩም። ነጻ የምሠራው ሥራ ነው እኮ! ብቻ ራሴን ገታሁና «እሺ፣ እርስዎ ይንገሩኝ» አልኳቸው። ነገሩኝ። ባልየው በረንዳ ላይ በባልዲ ቲማቲም ተክለው ነበር አሉ። የቬጋስ ሐምሌ ቲማቲም አይምርም፣ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። ታዲያ ሰውየው የሚስታቸውን አዲስ ነጠላ ከሳጥን አውጥተው ለቲማቲሙ ያለብሱታል። «ለሰርግ የገዛሁትን!» አሉኝ። «ሰድቤው፣ ሰድቤው፣ ማታ ስወጣ ደግሞ ጫፉን አስተካክሎ እንደ ሕፃን ሲሸፍነው አየሁት።» እዚህ ላይ ሳቅ ጀመሩ፣ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና አለቀሱ፤ እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ። ሟቹ የማላውቃቸው ሰው ናቸው። ከመጋቢት ጀምሮ ለጻፍኩላቸው ሁሉ ጠብታ እንባ ያልወጣኝ ሰውዬ፣ ለአንድ ባልዲ ቲማቲም ተንሰቀሰቅኩ።

ያንን እንደነገሩኝ ጻፍኩት። በቀብሩ ዕለት ሲነበብ በየስክሪኑ ያለው ሰው መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። እኔም ያን ቀን ደህና እንቅልፍ ተኛሁ። ከዚያ ወዲህ ለሚደውልልኝ ሁሉ «ምን ያናድድዎት ነበር?» ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። ሰው ደግነትን በሁለት ቃል ይጨርሳል፣ ስለሚያናድደው ነገር ግን ሲያወራ ይውላል። ሳዳምጥና ስጽፍ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ትንሽ ይነሳል። ባለቤቴ ጋ ስደርስ ግን ያው ነው፤ የእሷን ፊት ሳይ ያ ዓረፍተ ነገር ይመለሳል።

ጥር ላይ ያዛት።

አንድ ጠዋት ከሥራ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ «እንዳትጠጋኝ» አለች፣ ቀጥታ መኝታ ቤት ገብታ ከውስጥ ዘጋች። ከሆስፒታሉ የደወለችው ነርስ፣ ባለቤቴ ቤት ሆና ራሷን ትከታተል፣ ትንፋሽ ካጠራት ወይ ከንፈሯ ከጠቆረ አምቡላንስ ጥሩ አለችን። ምግብ በሩ ሥር አስቀምጣለሁ፣ ሳህኑ እንዳለ ይመለሳል። ኮሪደሩ ላይ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ያ የተረገመ ዓረፍተ ነገር መጣ፤ አሁን ሙሉው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። እየሞተች ነው ብዬ አሰብኩ፤ የምገድላትም እኔ ነኝ፣ ጽፌ ጨርሻታለሁ።

በቃ ካልቀረልኝ በእጄ ልጻፈው አልኩና ስልኬን አወጣሁ። ግን «ደግ» ብዬ ልጀምር ስል እማማ ትዝ አሉኝ። ይህችን ሴትዮ አላውቃትም ቢሉኝስ? ሰረዝኩትና እሷን ጻፍኩ። ስትናደድ ድስት እንደምታጥብ፣ ንጹሑንም ሳይቀር። የሆቴል ክፍል ታጸዳ በነበረ ጊዜ ትራስ ላይ የተተወላትን የመጀመሪያ የቲፕ ገንዘብ እንግዳው ረስቶት የሄደ መስሏት እስከ ሊፍት ሮጣ እንደመለሰችለት። መኪና ስነዳ የሌለ ፍሬን በእግሯ እንደምትረግጥ። ከሰዓት በኋላ ሆነ፣ ማሞቂያው ይጮኻል፣ እኔ እጽፋለሁ። በራሱ የሚመጣው ዓረፍተ ነገር መቼ እንዳቆመ አላስተዋልኩም።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለች ከውስጥ፣ በሻከረ ድምፅ።

ላነብላት ፈራሁ፣ ግን መዋሸትም አቃተኝ። «ስለ አንቺ እየጻፍኩ ነው።»

ምን እንደምጽፍ አገሩ ሁሉ ያውቃል።

«ሞትኩ እንዴ?»

«አፈር ስሆን! አይደለም። በሕይወት ስላለሽው አንቺ ነው።»

«አንብበው እስቲ።»

አነበብኩላት። የቲፑ ጋ ስደርስ አስቆመችኝ። «እስከ ሊፍት አይደለም የሮጥኩት፣ እስከ ፓርኪንግ ነው። አስተካክል።» አስተካከልኩ። «ፍሬኑም ላይ ጨምር፣ አነዳድህ ነው ያስረገጠኝ።» ጨመርኩ። መጨረሻ ላይ ታንኮራፋለች ብዬ ጽፌ ነበር።

«ውሸታም!» አለች። ሳል ያዛት፤ እስኪያልፍላት በሩን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ። «እኔ አላንኮራፋም። እሱን አጥፋው።»

«አላጠፋም።»

ቀስ ብላ «ፈርተሃል?» አለችኝ።

«ከመጋቢት ጀምሮ» አልኳት። አእምሮዬ ስለሷ ሲጽፍ የከረመውን ሁሉ በሩን ተደግፌ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«እኔም ፈርቻለሁ» አለች። «እዚያ ክፍሎቹን ሳጸዳ፣ አልጋው ላይ ራሴን አየው ነበር። ላንተ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። በል ከመጀመሪያው አንብብልኝ።»

እንደገና ጀመርኩ። ሊፍቱን ፓርኪንግ ብዬ አነበብኩ፣ ፍሬኑን አነበብኩ። እርማት ስጠብቅ ድምፅ የለም። ጠራኋት፣ አልመለሰችም። በሩን ደበደብኩ፣ ዝም። በሩን ለመስበር ትከሻዬን ሳስጠጋ ከውስጥ አንድ ነገር ሰማሁ፤ ትንሽ ሻካራ፣ ረጅም፣ ቆም እያለ የሚመለስ።

ታንኮራፋለች።

በሩ ሥር መሬት ላይ ተቀምጬ፣ እስክትነቃ ድረስ እሱን ሰማሁ።