ዋልካና ጭንጫ

ሙሽራ አትናገርም። እኔ ግን ተናግሬአለሁ፤ ያውም በቅልቅሉ ቀን፣ ሁለቱ ቤተ ዘመድ ፊት ለፊት በተቀመጠበት ዳስ ውስጥ። ጎንደር ውስጥ ዛሬም ድረስ “ያቺ አፈኛ ሙሽራ” የሚሉኝ አሮጊቶች አሉ። ስሜ ሆኖ ቀረ፤ አይከፋኝም።

ነገሩ የጀመረው ከአንድ ቃል ነው። በንጉሡ ዘመን ነው፣ ጣልያን ከወጣ ቆይቷል። ከትውልድ አገሬ ከኮሶዬ ወርጄ አክስቴ ቤት ተቀምጬ ተማርኩና ከተማው ሆስፒታል ነርስ ሆንኩ። የምሠራው ከአንድ ፈረንሳዊ ሐኪም ጋር ነበር። ሚስቱ ከሥራ በኋላ ፈረንሳይኛ ታስተምረን ስለነበር፣ አማርኛው ሲያልቅበት ወደ እኔ ዞር ይላል። ቁስል ስናጥብም ፋሻ ስንጠቀልልም ወሬው ያው ስለ አገሩ ነው። አገሩ ቦርዶ ይባላል። እኔ ቦርዶ ብዬ የማውቀው ቀለም ነው፤ አክስቴ ቦርዶ ሹራብ ነበራት። ሰው ቀለም ውስጥ ይወለዳል እንዴ ብዬ ሳቅሁበት። ቀለሙ ስሙን ያገኘው ከወይን ጠጁ፣ ወይን ጠጁም ከአገሩ እንደሆነ በትዕግሥት አስረዳኝ።

አባቱ ወይን ተካይ ገበሬ ነበር። እሱ እንደሚለው አገሩ በትልቅ ወንዝ የተከፈለ፣ ጠዋት ጠዋት ከባሕሩ ጉም የሚገባበት ሜዳ ነው። ከወንዙ ወዲህ ያለው መሬት ጎርፍ ያመጣው ጠጠር ነው። እዚያ ካበርኔ የሚሉት ወይን ይበቅላል፤ ልጣጩ ወፍራም፣ ዘግይቶ የሚደርስ፣ ጠጁ ምላስ የሚይዝ። ከወንዙ ወዲያ አፈሩ ሸክላ ነው። እዚያ ደግሞ ሜርሎ አለ፤ ቶሎ የሚደርስ፣ ለስላሳ፣ ለጠጪው የሚራራ። ያኛው ብቻውን ሲጠመቅ ግትር ነው፣ ይኸኛው ብቻውን ሲጠመቅ ቶሎ ይደክማል፣ ስለዚህ ይቀላቅሏቸዋል። ለጣዕም ብቻ ብለው አይደለም። በጸደይ ውርጭ ከመጣ ቀድሞ ያቆጠቆጠውን ይለበልበዋል፤ በለቀማ ሰሞን ዝናብ ከመጣ የዘገየው ይበሰብሳል። ሁለቱንም የተከለ ሰው ዓመቱ ባዶ አይሆንበትም።

“ይህን መቀላቀል በአማርኛ ምን ትሉታላችሁ?” አለኝ አንድ ቀን።

“ቅልቅል” አልኩት። ቃሉን ወደደው፤ ቀኑን ሙሉ ሲደጋግመው ዋለ።

ከዓመት በኋላ እኔ ላገባ ሆነ። ከሠርጉ በኋላ የሙሽራውና የሙሽራዋ ዘመዶች የሚተዋወቁበት ድግስ ቅልቅል እንደሚባል ሐኪሙ ሲሰማ እጁን አጨበጨበ። “እንግዲያማ ወይኑን እኔ አመጣለሁ!” አለ። ምነው ያን ቃል ባልነገርኩት ብዬ የተመኘሁበት ሰዓት ሩቅ አልነበረም።

አባቴ ይህን ጋብቻ ወዶ አልፈቀደም። የከተማ ሰው ዘሩ አይታወቅም ባይ ነው፤ ለአምባ ጊዮርጊስ ባለርስት ልጅ ሊድረኝ አስቦ ነበር። እኔ ደግሞ ክንዱን ሰብሮ ሆስፒታል የመጣውን የመንገድ ሥራ ጸሐፊ ወድጄ ነበር። አክስቴ አልቅሳ፣ ሽማግሌ ተመላልሶ፣ አባቴ በስንት ልመና እሺ አለ። እኔን ምን ትያለሽ ያለኝ የለም፤ በዚያ ቤት ሴት ልጅ አትጠየቅም። ስለዚህ በቅልቅሉ ቀን አንዲት ነገር ብትበላሽ ልጄን አምጡ እንደሚል አውቅ ነበር። ፊቴን በሸፈነው ዓይነ ርግብ ውስጥ ሆኜ ስጸልይ የነበረው ዝም ብሎ እንዲያልፍ ብቻ ነው።

ሐኪሙ ሁለት ጠርሙስ ታቅፎ ገባ። አንዱን ከፈተና በመጀመሪያ ለአባቴ ቀዳለት። አባቴ ጠጅ የለመደ ሰው ነው፤ ጎንጨት አለና ፊቱን አጨማደደ።

“ኮሶ ነው!” አለ።

ሐኪሙ አገሩን የጠራ መሰለው። “አዎ፣ አዎ! ኮሶዬ! ኮሶዬ!” እያለ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ዳሱ በሳቅ ሞላ። አባቴ ግን አልሳቀም።

ሐኪሙ ቆሞ በፈረንሳይኛ ንግግር ጀመረ፤ እንደ ልማዱም ወደ እኔ ዞረ። አማቴ ዝም በይ ስትል ጉልበቴን ጫን አደረገችው። ያኔ የባሌ አጎት ተነሣ። በጣልያን ጊዜ ጡብ ማምረቻ ውስጥ ሠርቶ ጣልያንኛ ለቃቅሟል። “እኔ እያለሁ! ሁለቱ ቋንቋ የአንድ እናት ልጆች ናቸው” አለ። ሐኪሙ ያን የማውቀውን ታሪክ በእጁ እያሳየ ተናገረ፤ ወደ ኮሶዬዎቹ ሲጠቁም ጠጠሩን፣ ወደ ባሌ ዘመዶች ሲጠቁም ሸክላ አፈሩን። አጎትየው ከዚያ ሁሉ የያዘው ከጡብ ማምረቻው የሚያውቃቸውን ሁለት ቃላት ብቻ ነበር።

“እናንተ ከድንጋይ ናችሁ፣ እኛ ከሸክላ ነን ይላል” ብሎ ተረጎመ።

የኮሶዬ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። በዚያን ጊዜ ከሸክላ ሠሪ ጋር መጋባት ነውር ነበር። በድስታቸው እየበላን፣ በእንስራቸው እየጠጣን፣ ቡዳ ናቸው እያልን እንሸሻቸው ነበር፤ ሳስበው ዛሬም ያናድደኛል። ያን ቀን ግን የታየኝ አባቴ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀምጦ ዱላውን ሲያነሣ ነው።

“ምነው አያ!” አለው አጎትየውን። “ከሸክላ ነን ያልኸው አንተው ነህ፤ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ዘር ሳላጣራ ልጄን ሰጥቻለሁ።” ወደ እኔ ዞረ። “ተነሽ፣ እንሂድ።”

አጎትየው ላብ በላብ ሆነ። ባሌ ከአጠገቤ አንገቱን ደፍቷል። ሐኪሙ ብቻ፣ ሰው ሊጠጣለት የተነሣ መስሎት፣ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ ፈገግ ብሏል።

ዓይነ ርግቤን ገለጥኩ።

“አባዬ፣ ስለ ሰው አይደለም የሚያወራው፣ ስለ አፈር ነው። ዋልካና ጭንጫ ነው ያለው።” አማቴ ልብሴን ጎተተችኝ፤ አልተውኩም። “የኛ ማሳ ጠጠራም ጭንጫ ነው፣ የነሱ ጥቁር ዋልካ። በአገሩ በዋልካው ላይ የሚበቅለው ቀድሞ ይደርሳል፣ በጭንጫው ላይ ያለው ይዘገያል። ውርጭ አንዱን ቢመታው ሌላው ይተርፋል። እናንተስ ስንዴና ገብስ ቀላቅላችሁ የምትዘሩት ለዚሁ አይደለም?”

አባቴ ዱላውን አወረደ። ከዚያ አጎትየውን አልፎ እኔን ጠየቀኝ። “ባገሩ ውርጭ አለ?”

“አለ።”

“ምሬቱስ ምንድር ነው?”

ሐኪሙን ጠየቅሁት፤ መለሰልኝ። “ገና ልጅ ስለሆነ ነው ይላል። ተጋድሞ ብዙ ዓመት መቆየት ነበረበት። ሠርጉ አልጠብቅ ስላለው ከፈተው።”

አባቴ ብርጭቆውን ከመሬት አነሣ። ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠውና ጢሙን ጠረገ።

“ልጄ ካለች ዋልካ ነው” ብሎ ተቀመጠ።

እስከዚያ ቀን ድረስ “ልጄ ካለች” የሚል ቃል ካፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ዓይነ ርግቤን መልሼ ውስጡ አለቀስኩ፤ ሰዎቹ የሙሽራ ልቅሶ መሰላቸው። ሁለተኛውን ጠርሙስ ሐኪሙ ለአባቴ ሰጠው፤ በጨለማ ተጋድሞ ይቀመጥ አለ። አባቴ በጋቢ ጠቅልሎ ኮሶዬ ወሰደው፤ ቆጥ ላይ አጋደመው።

አማቴ ግን አፌን ይቅር አላለችም። በሆነ ባልሆነው “አፈኛ” ትለኛለች፤ ባሌ ይሰማና ዝም ይላል። የከፋኝ የሷ ስድብ ሳይሆን የሱ ዝምታ ነው። እኔም እንደዚያ ጠጅ ምሬት ብቻ ሆኜ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ልብሴን ቋጥሬ በጭነት ማኪና ኮሶዬ ወጣሁ።

ሴት እንደዚያ ስትኮበልል ወጉ የታወቀ ነው። ባል ሽማግሌ ይዞ ይመጣል፤ ወንዶቹ ይነጋገራሉ፤ ትመለስ ወይ ትቅር ይላሉ፤ ሴቲቱ ከጓዳ ሆና ፍርዷን ትሰማለች። ባሌ ከአጎቱና ከሽማግሎቹ ጋር መጣ። እኔም ጓዳ ገባሁ።

አባቴ ጠራኝ። ሁሉም እያዩት ያን ጠርሙስ ከቆጡ አወረደ፣ አቧራውን በጋቢው ጫፍ ጠረገና እጄ ላይ አኖረው።

“ይከፈት ወይስ ይቆይ?” አለኝ። “አንቺ ያልሽው ነው።”

ሽማግሎቹ ግራ ገባቸው። ባሌ ግን ገብቶታል፤ ትዳራችን ይፍረስ ወይስ እስኪበስል ይቆይ ማለቱ ነው፤ መሬት መሬት ያያል። ጠርሙሱ ከኮሶዬ ብርድ የተነሣ እጄን አቃጠለኝ። ብዙ ዝም አልኩ፣ ያቺ አፈኛ።

“ይቆይ” አልኩ።

ከዚያም በልቤ ያለውን ሁሉ ለባሌ፣ በሽማግሎቹ ፊት፣ አንድ ባንድ ተናገርኩ። አባቴ አንዴም አላቋረጠኝም።