በልጄ አርባ ላይ የሚቀመጥ ሐዘንተኛ ጠፋ

ዛሬ የልጄ የዳዊት አርባ ነበር። እንግዶች ሊያጽናኑኝ ሲገቡ እኔ ጓሮ ሆኜ ሳህናቸውን ሳጥብ ተገኘሁ።

ምን ላድርግ፣ በምንኖርበት ሰፈር በቡላኦስ ውስጥ በየለቅሶ ቤቱ ሳህን ሳጥብ ነው የኖርኩት። ልጆቼንም ይዤ እሄድ ነበር። ዳዊት ወንበር ያመላልሳል። እህቱ ሜሮን ደግሞ "እማዬ፣ የቤታችን ሳህን እኮ አልታጠበም" እያለች ታኮርፋለች።

ጎረቤቴ ፋጡማ እጄን ያዘችኝ።

"ሐዘንተኛ ይቀመጣል እንጂ ያጥባል እንዴ?"

"ሜሮን ተቀምጣልኛለች" አልኳት።

ዞር ስንል ሜሮን ጥቁሯን እንደለበሰች ትልቁን ድስት ትፈገፍጋለች። ቤቷ ውስጥ ብርጭቆ እንኳ በፈቃዷ አጥባ የማታውቅ ልጅ።

"አንቺ ልጅ፣ የወንድምሽ አርባ ነው፤ ግቢና ተቀመጪ" አልኳት።

"እዚያ ከተቀመጥኩ ወንበር የሚያመላልሰውን አያለሁ" አለች ቀና ሳትል። "ዳዊት አይደለም።"

ፋጡማ ክርክሩን ተወችና እጅጌዋን ሰብስባ ማለቅለቅ ጀመረች። እንግዶቹ እርስ በርሳቸው ተጽናንተው ሄዱ።

ድስቱ ግን እንደዛሬ ነጥቶ አያውቅም።

የእናንተስ ልጆች ሳትነግሯቸው ከእናንተ የወሰዱት ሥራ አለ? ጻፉልኝ፤ ቀስ እያልኩ አነበዋለሁ።