እምቢ ያለው የነጌቲቭ ቁልፍ

እጄ ፈጣን ነበረች። ይህን የምናገረው ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ እኔው ብናገረው ይሻላል ብዬ ነው። ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ አለንጋቸው ከድምፃቸው ቀድሞ ይደርስ ነበርና፣ ማስተማር ማለት እንዲያ ይመስለኝ ነበር። በጊሼ ደጋ ላይ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ፊዚክስ ሳስተምር ልጆቹ ከጠመኔው ይልቅ እጄን ነበር የሚጠብቁት።

በትምህርት ቤቱ የነበሩት ሦስት ሳይንቲፊክ ካልኩሌተሮች ብቻ ናቸው። ልጆቹ በየተራ ይጠቀሙባቸዋል፤ ቅዳሜና እሁድ እኔ ቤት ይቀመጣሉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ስጨቀጭቅ ከረምሁ። የኤሌክትሮንን ቻርጅ ስታስገቡ አንድ ነጥብ ስድስት ጻፉ፣ የአሥር ኃይሉን ቁልፍ ተጫኑ፣ ቀጥሎ በቅንፍ ውስጥ ያለችውን ትንሿን ሰረዝ፣ ከዚያ አሥራ ዘጠኝ። ትልቁን የመቀነሻ ቁልፍ የነካ ወየውለት አልኋቸው። ማንም አልነካውም።

ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣው አንዲት ልጅ ነበረች። ከገጠር ሁለት ሰዓት በእግሯ እየተመላለሰች ነው የምትማረው። አባቷ ትማር ያሉት በስንት ልመና ነው፤ አንዲት ኮሽታ ከሰማሁ ትቀራለች፣ ለጋብቻ የጠየቃትም ሰው አለ ብለው ነበር። ይህን ክፍሉ ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር።

አንድ ጠዋት በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ባለ ኤሌክትሮን ላይ የሚያርፈውን ኃይል እንድታሰላ ወደ ሰሌዳው አወጣኋት። መልሱ በአሥር ኃይል ነጌቲቭ አሥራ ስድስት መሆን ሲገባው፣ እሷ በአሥር ኃይል ሃያ ሁለት ብላ ጻፈች። ይሄ ኤሌክትሮን የጊሼን ተራራ ነቅሎ ሊጥል ነው ወይ አልኋት። ሰረዟ የት ሄደች?

«ተጫንኋት ቲቸር፣ አልገባ አለች። መልሱም ልክ አይመስለኝም።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። በእኔ የተሳቀ መሰለኝና በጥፊ አልኋት።

ጥፊ ብዬ ማቃለል አይገባኝም። በሙሉ መዳፌ ግራ ጆሮዋን ነው የመታኋት። ጭንቅላቷ ከሰሌዳው ጋር ተላተመ፣ ካልኩሌተሩ ከእጇ ወደቀ። አልጮኸችም። ከጆሮዋ የወጣ ደም በአንገቷ ወርዶ የደንብ ልብሷን ነከረው። እኔ ያኔም አልበረደልኝም። ካልኩሌተሩን አንሥቼ፣ እንዴት እንደሚገባ ለሁሉም ላሳያቸው ብዬ ሰረዟን ተጫንሁ። አልገባችም። ደግሜ ተጫንሁ። ቁልፏን በጥፍሬ ፈልቅቄ ባያት ሥሯ የደረቀ ጭብጦ ግጥም ብሎበታል።

ጭብጦ ማለት በውሃ የተለወሰ በሶ ነው፤ እኔ የመንዝ ልጅ ነኝና ያለ እሱ የፈተና ወረቀት አላርምም። ልጆቹን እጃችሁን ሳትታጠቡ ካልኩሌተር አትንኩ እያልሁ አስጨንቃቸው ነበር። ጭብጦ በያዘ እጁ ሲነካካው የከረመው ግን እኔው ነኝ።

በማግሥቱ ወንድሟ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀኝ። ክላሹን በትከሻው አንግቷል፣ የጀመረኝ ግን በሽመል ነው። መጀመሪያ ክንዴን፣ ቀጥሎ ጉልበቴን አለኝ። ስወድቅ በእርግጫ ጎኔን ደጋገመው፤ የጎድን አጥንቴ ቀው ሲል ሰማሁት። አፌ በደም ተሞላ። ከዚያ ጠመንጃውን አውርዶ አቀባበለ። ሽማግሌው ዘበኛ መሬት ላይ ተደፍተው እግሩን ባይዙት ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፍ ሰው አልነበርሁም። እንደ ልጅ አለቀስሁ፣ ፈራሁ፣ ቢሆንም ያደርገው ዘንድ ይገባዋል የሚል ነገር ውስጤ ነበር።

ሽማግሌ ገባ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጎኔ እንደ ታሰረ፣ ድንጋይ በማጅራቴ ተሸክሜ ቤተሰቦቿ ደጃፍ ላይ ተንበረከክሁ። ድንጋዩን አባትየው በእጃቸው አወረዱልኝና ሳሙኝ። ወንድሟም ሳመኝ። በግ ታረደ፣ ደሙ እግራችን ሥር ፈሰሰ፣ ሁሉም እፎይ አለ። ልጅቷን ግን ይቅር ብለሻል ወይ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። ግራ ጆሮዋ ላይ ጥጥ አድርጋ እንግዳውን እጅ ታስታጥብ ነበር።

ትምህርቷን መቼ ትቀጥላለች ብዬ አባቷን ጠየቅኋቸው።

«እርቁ ወረደ እኮ ልጄ» አሉኝ፣ «ትምህርቱ ግን ቀርቷል። አስቀድሜ ተናግሬያለሁ።»

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ያጠፋሁት እኔ፣ የምትቀጣው እሷ ናት ወይ አልሁ። ከልባቸው አዝነውልኝ አነሡኝ፣ ምሳዬን እንድበላም ለመኑኝ። ልጅቷ ማስታጠቢያውን ይዛ መጣች፤ ውሃውን እጄ ላይ እያፈሰሰች ቀስ ብላ ተናገረችኝ።

«ይተዉት ቲቸር። እኔ ስነግርዎ አላመኑኝም። ማሽኑ ሲነግርዎ ነው ያመኑት።»

እጄን ታጥቤ ተቀመጥሁ።

በጥር ተዳረች። ዘመድ ሆነናልና ተጠራሁ፤ ወንድሟ አጠገቡ አስቀምጦ በእጁ አጎረሰኝ፣ በላሁ። ሽማግሌዎቹ በግራዋ በኩል ቆመው ሲመርቋት አልሰማቻቸውም፤ አሜን እንድትል ሚዜዋ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።