«አለ» የሚባልላቸው ሙታን

ሰብለ ወንጌል የታሪክ መምህር ናት። ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው፣ አገር ጠፍቶ ይመስል፣ ስለ አንዲት ትንሽ የአየርላንድ ከተማ ነው። ከተማዋ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ለደብሊን ፓርላማ ሁለት እንደራሴ ትልክ ነበር። መራጮቹ አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሦስቱም የአንድ ባለርስት ሰዎች። ፓርላማው ሲዘጋ ባለርስቱ ወንበሬን አጣሁ ብሎ አሥራ አምስት ሺህ ፓውንድ ካሳ ወሰደ። ሰብለ ይህን ስታነብ ደሟ ፈላ፤ የሰፈሯን የቁስቋምን እድር አስታወሳት።

እድሩም ለከተማው የእድሮች ጉባኤ ሁለት ተወካይ ይልካል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሄዱት ግን ዳኛው አያ ወልደኢየሱስና አማቻቸው ምንይችል ናቸው። በምርጫ ቀን የሞተ ሰው ስም ሲጠራ ምንይችል ከተቀመጠበት «አለ!» ይላል። ሙታኑም አያ ወልደኢየሱስን ይመርጣሉ። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ዝም። ከእድር የተጣላ ሰው ሬሳውን ማን ይሸከምለታል? የሰብለ እናት ወይዘሮ አስናቀች ደግሞ አልጋ ላይ ናቸው፤ ሐኪሙም ከሳምንት አያልፉም ብሏል።

በዚያ የምርጫ እሑድ ግን ምንይችል አምስተኛውን «አለ!» ሲል ሰብለን አላስችል አላት። ተነሣች።

«የሞቱት ይሰረዙ!»

አያ ወልደኢየሱስ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሸጋ ብለሻል። እንግዲያስ ካባትሽ እንጀምር።»

የሰብለ አባት ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። የወር መዋጮውን የምትከፍለው ግን እስካሁን በሳቸው ስም ነው፤ ሲጠሩም «አለ» የምትለው ራሷ ናት። ለምዳው ኖሮ ልብ ብላው አታውቅም። ስሙ ከተሰረዘ እናቷ እድር የላቸውም። አዲስ ገቢ ደግሞ ስድስት ወር ሳይሞላው እድሩ አይደርስለትም።

«ልሰርዝ?» አሉ እስክሪብቶውን ስሙ ላይ ደቅነው።

እናቷን አሰበች። ከልቧ ፈራች። «ይሰርዙት» አለች።

ሠላሳ አንድ ስም ተሰረዘ። ሕያዋኑ ብቻ ሲመርጡ አያ ወልደኢየሱስ ከዳኝነቱም ከተወካይነቱም በአራት ድምፅ ወደቁ። ሰብለ አልመረጠችም፤ ስም የላትማ!

ሐሙስ ጠዋት ወይዘሮ አስናቀች አረፉ። የእድሩ ጥሩንባ አልተነፋም። ድንኳን የለ፣ ወንበር የለ። ደንብ ነው፣ ያውም እሷው ያስከበረችው። ሰብለ ከሬሳው አጠገብ ተቀምጣ፣ ምን አቀበጠኝ እያለች በሩን በሩን ታያለች።

በሩ ተንኳኳ። አያ ወልደኢየሱስ ናቸው፤ አካፋ በትከሻቸው አድርገዋል። ምንይችል ዶማ ይዞ ከኋላቸው ቆሟል።

«አያ፣ እርስዎ እንዴት…»

«ወንበሬን ወስደሽብኛል፤ አልታረቅሁሽም» አሉ ፊቷን ሳያዩ። «አስናቀች ግን የናቴን ሬሳ ገንዛለች። በይ ተነሽ፣ መቃብሩን የት እንቆፍር?»

ሰብለ ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው።