ከዓሣው ልብ አጠገብ

እኔ የበግ ትል ሰው ነኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል፤ የበግ ጨጓራ ትል ገና ሳየው ስሙን እጠራለሁ፣ ሳልኮራበትም አልቀረሁ። ስለዚህ በዐቢይ ጾም መግቢያ ሰሞን አንዲት እናት በላስቲክ የተጠቀለለ ቆሮሶ ዓሣ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው «ልጄ፣ እዚህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» ሲሉኝ ተናደድኩ። ዓሣ የእኔ ሥራ አይደለማ!

ሴትዮዋ የአልዩ አምባ ሰው ናቸው። በጾም ወራት ከስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ዓሣ እያስመጡ ለከተማው ሰው ይሸጣሉ። አንዲት ደንበኛቸው ዓሣ ስታጥብ ትል አግኝታ ወሬውን ለሰፈሩ አዳረሰችው። የጤና ተቆጣጣሪው ደግሞ የትሉን ምንነት የሚገልጽ ወረቀት እስከ ዓርብ ካላመጡ ሽያጩን እንደሚያስቆም ነግሯቸዋል።

«ወላሂ፣ እኔ አውቄ ትል አልሸጥኩም» አሉኝ ዓሣውን ወደ እኔ እየገፉ። በንዴቴ አፈርኩ።

ዓሣውን ከፈትኩት። ከሚተነፍስበት ስንጥቡ ሥር፣ ልቡ ባለበት ክፍተት ውስጥ፣ ሁለት ወፋፍራም ድቡልቡል ትሎች ተጠምጥመው ተኝተዋል። የትል ማቆያው አልኮል አልቆብን ስለነበር አረቄ አስመጣሁና ጨመርኳቸው። የአገራችን አረቄ ምን ያቅተዋል ብዬ ነው። በማግሥቱ ሳያቸው ተኮራምተው ተጨማድደዋል። ዝርያውን የሚለየው የትሉ ጉሮሮ ከአንጀቱ በሚገናኝበት ቦታ ያሉት ትናንሽ ከረጢቶች ናቸው፤ ማይክሮስኮፑ ግን ጥቁር ቋጠሮ ብቻ አሳየኝ። ቀኑ ሐሙስ ነው። ለእሳቸው ምን ብዬ እንደምነግራቸው ጨነቀኝ።

እሳቸው ግን ሌላ ዓሣ ይዘው መጡ። ከፍቼ ከውስጡ አንድ ትል አወጣሁና መታጠቢያው ጠርዝ ላይ አኖርኩት። ብርዱ ጣታቸውን አደንዝዞት ኖሮ ከያዙት ፔርሙዝ ሙቅ ውሃ እጃቸው ላይ ሲያፈሱ ትሉ ላይ ፈሰሰ።

«እየው! ቀጥ አለ እኮ!»

እውነትም በአንዴ ተዘርግቷል። ትል በሙቅ ፈሳሽ እንደሚዘረጋ ተማሪ ሳለሁ ተምሬዋለሁ፤ ችኮላዬ አስረስቶኝ ነው። ውስጡ እንዲታይ በግሊሰሪን አጥርቼ ሳየው አንዱ ከረጢት ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ዞሯል። ኮንትራሲከም የሚባለው ነው! ዓሣ በሊታ ወፍ ሆድ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ዓሣው ውስጥ የሚጠብቅ ጨቅላ ትል። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ ማይክሮስኮፑን ለሳቸው ለቀቅኩላቸው።

«ሱብሃነላህ! ሥጋው ውስጥስ አለ?»

ሥጋውን በስሱ እየቆረጥን በመስኮቱ ብርሃን አየነው። ምንም የለም። ጥሬውን የበላ ሰው ሊታመም እንደሚችል፣ በደንብ ከበሰለ ግን ትሉ እንደሚሞት፣ ሆዱና ደረቱም ዓሣው እንደተያዘ ወዲያው መጽዳት እንዳለበት ነገርኳቸው።

«ተጸድቶ ከመጣ ማን ይገዛኛል? የዚህ አገር ሰው እኮ ጭንቅላቱን ካላየ አያምንም።»

እውነታቸውን ነው። እኛ በግ ስንገዛ ጥርሱን ገልጠን የምናይ ሰዎች ነን፤ ዓሣም እንደዚያው ሙሉውን ካላገላበጥን አንገዛም። ዓሣው እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ ከነሆድ ዕቃው፣ ከነትሉ የሚመጣው ለዚህ ነበር።

«እንግዲያው ጭንቅላቱ እንዳለ ይምጣ» አልኩ፣ «ሆዱና ደረቱ ብቻ እዚያው ሐይቁ ዳር ይጽዳ።»

ሐሳቡን ወደዱትና ሳቁ። ወረቀቱን ያንኑ ዕለት ጻፍኩላቸው፤ ዓርብ ተቆጣጣሪው አንብቦ፣ እንዲህ እየጸዳ ከመጣ ይሸጡ አላቸው።

በሳምንቱ ወደ መሸጫቸው ብቅ አልኩ። ወሬውን ያዳረሰችው ደንበኛ ፊታቸው ቆማለች። እሳቸው አልተቆጡም፤ አንዱን ዓሣ አንስተው ስንጥቡን ገለጡና «ትሉ የሚተኛው እዚህ ነበር፤ ይኸው ባዶ ነው» አሏት። ደንበኛዋ ጎንበስ ብላ አየች። አላመነችም መሰል ጣቷን ከታ ዳሰሰችው።

«ሁለት ይጠቅልሉልኝ» አለች።