ያልሣልኩት ፊት

ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በሁለተኛው ወር የአማርኛ መምህራችን አንድ የቤት ሥራ ሰጡን። በመሣሪያ የተሠራ ሥዕል፣ ፎቶግራፍም ይሁን በማተሚያ የወጣ ወይም በሌላ ዘዴ የተቀዳ፣ ከእውነተኛ ጥበብ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚል ነበር። ሁለት ገጽ ጻፍኩ። አይቆጠርም አልኩ። ጥበብ የሰው እጅና የሰው ልብ ሥራ ነው፤ መሣሪያ ልብ የለውም ብዬ አሳመርኩት። መምህሩ ወደዱትና ለክፍሉ እንዲነበብ አደረጉ። ሲነበብ ጆሮዬ ይግል ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ደስ ብሎኝ መስሎት በክርኑ ጎሸም አደረገኝ።

አሁን የምጽፈው እዚያ ጽሑፍ ውስጥ ያላስገባሁትን ነው።

እኔ መሣል አልችልም። በተወለድኩባት ሞላሌ ግን ከአሥረኛ ክፍል ጀምሮ የምታወቀው በሠዓሊነት ነው። ነገሩ የመጣው ከጂኦግራፊ መምህራችን ነው። ካርታ የሚያጎሉበት መሣሪያ ነበራቸው፤ ፓንቶግራፍ ይሉታል። አራት ቀጫጭን የእንጨት ዘንጎች ናቸው፤ እንደ መቀስ እንዲከፈቱና እንዲዘጉ ሆነው በምስማር የተያያዙ። አንደኛው ጫፍ ጠረጴዛ ላይ ይተከላል። መሐል ያለውን ሹል ምስማር በትንሽ ካርታ መስመር ላይ ሲያስኬዱት፣ ዳር የታሰረው እርሳስ ያንኑ መስመር ትልቅ ወረቀት ላይ አጉልቶ ያወጣዋል። ካርታ በመሥራት አግዛቸው ስለነበር ወደ መርሐቤቴ ሲዛወሩ መሣሪያውን ለእኔ ተዉልኝ። ለካርታ ነበር የሰጡኝ።

በዚያው ዓመት ለአብዮት በዓል ቀበሌው የእነዚያን ባለ ጢም የውጭ አገር ሰዎች ትልልቅ ሥዕል ፈለገ። እኔ ከመጽሔት ላይ አጎላኋቸው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ወረቀቱን ወደ ብርሃን አስጠግቶ አየና፣

«ይሄን ሁሉ ጢም አንድ በአንድ ነው የቆጠርከው?» አለኝ።

«በዓይኔ እያየሁ ነው» አልኩ።

በዓይኔ ማየቴስ እውነት ነው። ግን እሱ የተረዳው ምን እንደሆነ አውቄ ነው ዝም ያልኩት። ከዚያ ቀን በኋላ «ጓድ ሠዓሊ» ይለኝ ጀመር፤ የሰፈሩም ሰው ተከተለው። ከዚያ በኋላ መሣሪያውን ከመደቡ ኋላ፣ ከእህል ከረጢቶች ጀርባ ማስቀመጥ ጀመርኩ። ስሠራ በር እዘጋለሁ። ሰው ሲያንኳኳ መጀመሪያ መሣሪያውን እደብቅና ከዚያ እከፍታለሁ።

ከእኔ በፊት የሰፈሩ ሠዓሊ አንድ መሪጌታ ነበሩ። በደብሩ ዜማ ያስተምራሉ፣ በትርፍ ጊዜያቸው ቅዱሳንን በአቡጀዲ ላይ ይሥላሉ። እኛ የዘመናዊ ትምህርት ቤት ልጆች እንስቅባቸው ነበር። ሥዕሎቻቸው ሁሉ አንድ ዓይነት ፊት፣ አንድ ዓይነት ትልልቅ ዓይን ነው ያላቸው። አንድ ቀን ጓደኞቼ ገፋፍተውኝ፣

«መሪጌታ፣ ቅዱሳኑ ሁሉ የአንድ እናት ልጆች ናቸው እንዴ?» አልኳቸው።

«አዎን ልጄ» አሉ፣ ከሥራቸው ቀና ሳይሉ። «እናታቸው ቤተ ክርስቲያን ናት፤ አንተም ልጇ ነበርክ። ክርስትና ስትነሣ ቆሜ ያዜምኩት እኔ ነኝ፤ ስታለቅስ ዜማዬን አበላሸህብኝ።»

ጓደኞቼ ያን ጊዜ በእኔ ሳቁ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስደርስ የጎረቤታችን ልጅ ሞቱ ተረዳ። ከእኔ ሁለት ዓመት ይበልጣል። ልጅ ሳለ ከመሪጌታ ዘንድ ዳዊት የደገመ፣ በኋላ እኛ ትምህርት ቤት የተማረ፣ ከዚያ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን የሄደ ነው። እናቱ የበግ ፀጉር ፈትለው ባና፣ ማለትም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ለሚሠሩ ሰዎች የሚሸጡ ሴት ናቸው፤ ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም። አስከሬን አልመጣም። በእኛ አገር አስከሬን በሌለበት ለቅሶ የሟቹ ልብስ ይወጣል፤ ፎቶ ካለም ፎቶው ይያዛል። አልቃሽ የሚያለቅስለት ፊት ይፈልጋል። በመርዶው ዕለት ጋቢው ወጣ። ፎቶ ግን ያለው አንድ ብቻ፣ ከክብሪት ቤት የማይበልጥ ነው። ሕዝቡ እየተቀባበለ ሲያየው ፊቱ ሊጠፋ ደረሰ።

እናቱ ፎቶውን በመሐረብ ጠቅልለው ቤታችን መጡ።

«ለአርባው ከዳሱ ምሰሶ ላይ ሰቅዬ ሰው ሁሉ እንዲያየው ነው የምፈልገው» አሉኝ። «እነዚያን ባለ ጢሞች የሣልክ ልጄን አያቅትህም።»

«አያቅተኝም፣ እትዬ።»

«እነሱንስ የት ታውቃቸዋለህ። እሱን ግን ታውቀዋለህ።»

ፎቶው ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ የቆርቆሮ ኩባያ ይዞ፣ ወደ ጎን የሆነ ነገር ያያል። ጓደኛው ሳያስጠነቅቀው ያነሣው ይመስለኛል። በር ዘግቼ በአንድ ጠዋት ጨረስኩት። ምስማሩ በግንባሩ፣ በአፍንጫው፣ በአገጩ ላይ ሲሄድ እኔ ስለ ማትሪክ ፈተና አስብ ነበር። ይህን መጻፍ ከሁሉ ይከብደኛል። አብሮኝ ያደገ፣ የሞተ ሰው ፊት ከእጄ በታች እያለፈ፣ እኔ የሒሳብ ቀመር እያስታወስኩ ነበር። ከጨረስኩ በኋላ ደግሞ አራት ቀን አቆየሁት። ቶሎ ብሰጣቸው ያልደከምኩበት እንዳይመስላቸው ነው።

ረቡዕ ወሰድኩላቸው፤ አርባው እሑድ ነው። ቤት ውስጥ እሳቸውና እህታቸው ነበሩ። ወረቀቱን ስዘረጋው እናቱ ጣታቸውን አንሥተው ጆሮው ላይ አሳረፉ። የጆሮው የታችኛው ጫፍ ጎደል ያለ ነው።

«ውሻው የነከሰው» አሉ። «ገና ዳዴ ሲል ነው። ይቺንም አልተውካትም።»

አለቀሱ። ያን ጆሮ አብሬው ስኖር ልብ ብዬው አላውቅም። ስሠራውም አላየሁትም። ያገኘው ምስማሩ ነው።

እህታቸው ግን ሥዕሉን ከሩቅ ሆነው እያዩ፣ «ሌላው ዓይኑስ?» አሉ።

የደብራችን ግድግዳ ላይ የተሣሉት ጻድቃን ሁሉ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይናቸው ያዩናል። ጎናቸው ብቻ የሚታይ፣ ባለ አንድ ዓይን ሆነው የተሣሉት ሰይጣናትና ጌታን የሚገርፉት ወታደሮች ናቸው። ይህን ማንም አላስተማረንም፤ በእናታችን ጀርባ ታዝለን ያየነው ነው። እኔም ብሆን ከማንም እኩል አውቀዋለሁ። ግን ስሠራ አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለኝም።

«እንዲህ ተደርጎ የሚሣለው ማን እንደሆነ እኔ አልናገርም» አሉ እህትየው። «ያውም ወታደር።»

«ዝም በይ» አሉ እናቱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እሷን ተዋት። የሠራኸው እሱን ነው፣ አልከፋኝም። ብቻ ፊቱን ትንሽ ወደኛ አዙርልኝ። ስንት ሰው ይመጣል። ፊቱን ካዞረባቸው ምን ይላሉ?»

እንዴት አድርጌ እንደሆነ አላሰብኩም። ለሰው አይሆንም ማለት ስለማልችል ነው መሰለኝ፣ «እሺ፣ እትዬ» አልኩ። ሥዕሉን ደግሞ ከእጃቸው አልለቀቁም፤ ፎቶውን ብቻ ይዤ ወጣሁ።

ቤቴ ገብቼ ፎቶውን ፊቴ አስቀምጬ ያለ መሣሪያ ሞከርኩ። መጀመሪያ ያንኑ ፊት ሠርቼ ሌላ ዓይን ጨመርኩበት፤ ዓይኑ ጉንጩ ላይ ወጣ። አጠፋሁት። የማውቀውን ፊት አስታውሼ ልሥል ዓይኔን ጨፈንኩ። ድምፁ መጣልኝ፣ አረማመዱ መጣልኝ፤ ፊቱ ግን አልመጣም። ወረቀቱ በላጲስ ብዛት ተቀደደ። አንድ ዓይን እንኳ ዓይን አስመስዬ መሥራት እንደማልችል ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ሐሙስ ጠዋት መሣሪያውን በነጠላ ጠቅልዬ፣ ፎቶውን ኪሴ ከትቼ መሪጌታ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ዘንጎቹን እየከፈቱና እየዘጉ አዩ፤ የእጅ መስቀላቸውን ወረቀት ላይ አስቀምጠው ዙሪያውን በምስማሩ ተከተሉት። ትልቁ መስቀል ሲወጣ ሳቁ።

«ጎበዝ ነው። ከተማሪዎቼ ይሻላል፤ እጁ አይንቀጠቀጥም።»

«መሪጌታ፣ በዚህ የተሠራ ሥዕል ሥዕል ነው?»

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ? የሣልኩት ሁሉ ከመምህሬ የቀዳሁት ነው። እሳቸውም ከመምህራቸው። ከራሴ ያወጣሁት አንድ የበቅሎ ጅራት ቢኖር ነው፤ እሱም አላማረም።»

ደስ አለኝ። «እንግዲያው ልዩነት የለውም» አልኩ።

«እኔ እንጃ። ፊቱን አዙርልኝ ስትልህ ይሄ እንጨት ምን መለሰላት?»

«ምንም።»

«አንተስ?»

«እሺ አልኳቸው።»

«እንግዲህ እሱ ይሻላል» አሉ። «እሱስ አልዋሸም።»

ፎቶውን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ሲስቅ ጉንጩ የሚሰረጉደው በየትኛው በኩል ነው ብለው ጠየቁኝ። አላወቅሁም። ቅንድቡ የገጠመ ነው ወይስ የተለያየ? አላወቅሁም። ዳዊት ሲደግም አንገቱን ወዴት ያዘነብል እንደነበር ግን አልጠየቁኝም፤ እሱን ራሳቸው ያውቃሉ። ለብቻቸው እንደሚያወሩ ሆነው «ወደ ግራ» አሉ። ከዚያ አቡጀዲ አምጣ አሉኝ።

ዓርብን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመው ሠሩ፤ ቅዳሜም ዋሉበት። እኔ ቀለም አቀብል ነበር። ቅዳሜ ሊመሽ ሲል ጠቅልለው ሰጡኝ።

«ቃሉን የሰጠኸው አንተ ነህ፤ አንተው አድርስላት» አሉ።

«ማን ሠራው ካሉኝ እርስዎ መሆንዎን እነግራቸዋለሁ።»

«እኔ ሥዕል ላይ ስሜን ጽፌ አላውቅም። የምትለውን በል።»

እውነቱን ልናገር፣ ሥዕሉ እሱን አይመስልም ነበር። ትልልቅ ዓይኖች፣ ቀጥ ያለ አፍንጫ፣ እንደ ሌሎቹ ሁሉ። አንገቱ ግን ወደ ግራ ዘንበል ብሏል። ያንኑ ማታ ስወስድላቸው፣ እናቱ ከደጃፉ ሆነው ሲያዩት ቁጭ አሉ።

«ይኸው አየኝ» አሉ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፍቼም ነበር። እህትየው ቀደሙኝ፤ «መሪጌታን አስመስለህ ነው የሣልከው። ተካንክበት እኮ» አሉኝ። እኔ ፈገግ አልኩ። ከዚያ ወዲያ ጊዜው አለፈ፤ ወይም እንዳለፈ ቆጠርኩት።

እሑድ ከጸሎቱ በኋላ ሕዝቡ ዳሱ ውስጥ ተቀመጠ። ሥዕሉ ከምሰሶው ላይ ነው። የገባው ሁሉ ቀና ብሎ ያያል፣ ያለቅሳል፣ ይቀመጣል። ዳቦው ሲቆረስ እናቱ አጠገቤ መጥተው በጆሮዬ፣ «የመጀመሪያውንም ሣጥኔ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ጆሮው እዚያ ነው ያለው» አሉኝ። ከዚያ ቀና ብለው በእጃቸው እኔን እያሳዩ ለሕዝቡ ተናገሩ።

«ልጄን ያመጣልኝ ይሄ ልጅ ነው። አስከሬኑን አላገኘሁም፣ ፊቱን ግን አገኘሁ። እግዚአብሔር እጁን ይባርክለት።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። መሪጌታ ከካህናቱ ጋር ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ዳቦአቸውን እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝ። የቁጣ ፊት አልነበረም። መልስ የሚጠብቅ ሰው ፊት ነው።

«አሜን በል እንጂ» አለኝ አንድ ሽማግሌ።

«አሜን» አልኩ።

መሪጌታም ከሕዝቡ ጋር አሜን አሉ።